«እሱ ያውቃል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ከሥራ ተቀነሰ። ዜናውን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በጻፈ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ ጎረፈ። «አይዞህ ብሮ፣ እሱ ያውቃል!» «ለበጎ ነው!» «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» ሁለቱ ደግሞ የጸሎት እጅ ኢሞጂ ብቻ ልከው አለፉ። እኔም «እግዚአብሔር የተሻለ አዘጋጅቶልህ ነው» ብዬ ጽፌ ልልክ ስል ጣቴ ተያዘ። ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ከአራት ዓመት በፊት ሰዎች ሲልኩልኝ ስልኬን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም ነበር። አጠፋኋትና «ምሳ በልተሃል? የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩለት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ስላጠፋኋት ዓረፍተ ነገር ነው። አስቀድሜ ልናገር፤ ክርስቲያን ነኝ። ቸግሮኝ ያውቃል፣ ጸልዬም አውቃለሁ። ኢኮኖሚክስ ተማርኩ ብላ እምነትን ልታጣጥልብን ነው የሚል ካለ አይፍረድብኝ፣ የምለው ሌላ ነው። በእግዚአብሔር መታመን የሚባለውን ትልቅ ነገር ወስደን የተቸገረ ሰው አፍ መዝጊያ አድርገነዋል። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ የቲክቶክ ሰባኪም አይደለም። ምን አለሽ ተራ ነው።

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ምን አለሽ ተራ መርካቶ ውስጥ ያለ፣ የተጣለ ዕቃ እንደገና ሥራ የሚይዝበት ቦታ ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ የተሰበረ አልጋና የዛገ ፌሮ መድረሻው እዚያ ነው። በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ወይም ሳጥን ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ከፈረሰ ቤት የወጣ የተጣመመ ፌሮ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይቀናና እንደገና ቤት ይሠራበታል። ከጠዋት እስከ ማታ የመዶሻ ድምፅ ነው፤ ሰፈሩን የለመደ ሰው ድምፁ ድንገት ቢቋረጥ ነው የሚደነግጠው። መርካቶ ራሱ ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳ ጊዮርጊሱን ገበያ ወደዚህ ሲያዞር የተቆረቆረ ነው። በአንድ በኩል ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል አንዋር መስጊድ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሕዝብ ደግሞ አንዱ ከሌላው ካልተበደረ ውሎ አያድርም።

ስሙ ጥያቄ ነው። ገዢው ይመጣና ዕቃዋን መሬት ላይ ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት «ምን አለሽ?» ይላታል። እናቴም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። የምትሸጠው ባዶ ዕቃ ነው፤ የዘይት ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ ክዳን ያለውም የሌለውም ባልዲ። እኔን ያሳደገችኝ በባዶ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አባቴ ደግሞ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር፤ የከሰል ምድጃና ሳጥን ይሠራል።

2014 ዓ.ም. የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ አባቴን ኩላሊቱን አመመው። እጥበት ጀመረ። የኩላሊት እጥበት ቤቱ የገባ ሰው ሂሳቡን ያውቀዋል፤ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው፣ ለዛሬ ተከፍሎ ነገ ሌላ ይጠብቃል። መጀመሪያ የተቆጠበው አለቀ። ከዚያ የእናቴ ጌጥ ተሸጠ። ከዚያ ከዘመድ ተበደርን። በመጨረሻ ከአንድ ሰው በወለድ ተበደርን፤ ማን እንደሆነ አልጽፍም። ጎን ለጎን ጠበል ነበር፣ ጸሎት ነበር፣ ስለት ነበር። እናቴ ከዳነልኝ ብላ ለራጉኤል ጥላ ተሳለች። እኔም ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በሕይወቴ ጸልዬ የማላውቀውን ያህል ጸለይኩ።

አባቴ ሰኔ ላይ ሞተ። ልመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ። ዕዳው 210 ሺህ ብር ነበር።

ለቅሶው ላይ ያቺን ተረት ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ ልጄ።» የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ዕድርተኛ ናቸው፣ ድንኳኑን የተከሉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት እነሱ ናቸው። ግን እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ በሆዴ «የምን ድግስ?» እላለሁ። አባቴን ወስዶ የሚደገስልኝ ድግስ ምን ቢሆን ነው የምበላው? ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከተናደድኩት ግማሹ በእሱ ሳይሆን እሱን ወክለው በሚናገሩት ነበር። ለምን እንዳደረገው ማንም ሳያውቅ ሁሉም ያውቃል።

መጽሐፈ ኢዮብን ብዙዎቻችን ከመጨረሻው ገጽ ነው የምናነበው፤ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ከተመለሰለት ላይ። መሐሉን ያነበበ ግን የሚያገኘው ሌላ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሥቃዩን ሲያዩ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥሩ ወዳጅ የነበሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ማቅረብ ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው «ለምን?» እያለ ሲጮኽ በኖረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን እሱን ደግፈው የተከራከሩ በመሰላቸው ወዳጆቹ ላይ ነው። ይህ ታሪክ በኛ ግሩፕ ቻት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ኢዮብን «እምነትህ ደከመ» ብለን ሪሙቭ እናደርገው ነበር።

እናቴ ግን ምክንያት አልፈለገችም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ራጉኤል ትሄዳለች፤ አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፋ ስታወራ ሰማኋት። ጸሎት አይመስልም፣ ጭቅጭቅ ነው የሚመስለው። «ታየኛለህ አይደል? ይኸው ብቻዬን ቀረሁ። ልጆቹን ምን ላድርጋቸው? ንገረኛ!» እንዲህ ብላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የተሳለችው ጥላ ነበር። ክው ነው ያልኩት። ከዳነ ነበር እኮ ስለቱ፤ አልዳነም። በዚያ ላይ ዕዳ ውስጥ ነን።

«እማዬ፣ ስለቱ አልሰመረም እኮ» አልኳት።

«ከእሱ ጋር ንግድ አልገባሁም» አለችኝና ጥላውን ሰጥታ መጣች።

የጥላውን ዋጋ አስቤ ለሁለት ቀን አኮረፍኳት። ዛሬም በገንዘቡ ጉዳይ ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ለዕዳው ይሆን ነበር። ነገር ግን ያቺ አነጋገሯ አብራኝ ቀርታለች፤ ምክንያቱም ዛሬ ስልካችን ላይ የሚሰበክልን እምነት አብዛኛው ንግድ ነው። «ይህን ቪዲዮ ያየህ በሦስት ቀን ውስጥ ስልክ ይደወልልሃል፤ አሜን በልና ሼር አድርግ።» «ዘርህን ዝራ፣ በዚህ ወር መኪና ይገባል።» ስጥ፣ ተቀበል። ተቀባዩ ካልተቀበለ ደግሞ ጥፋቱ የሰጪው እምነት ማነስ ነው፤ ሻጩ መቼም አይከስርም። አባቴ የሞተው አሜን ያለው ሰው ስላነሰ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ የዴቨሎፕመንት ኢኮኖሚክስ ኮርስ ላይ «ፋታሊዝም» የሚባል ነገር ተምረናል። ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተወስኗል፣ እኔ ብለፋ ምንም አልለውጥም የሚል አስተሳሰብ ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው አይቆጥብም፣ ልጁን አያስተምርም፣ አዲስ ነገር አይሞክርም ይባላል። በዚህ ላይ ከተሠሩት የታወቁ ጥናቶች አንዱ የኛው አገር ነው። ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ ከታንጊ በርናርድ፣ ከስቴፋን ዴርኮንና ከኬት ኦርኪን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ያደረጉት ሙከራ ነው። ለተወሰኑ የገጠር ነዋሪዎች አጫጭር ፊልሞች አሳዩ። ፊልሞቹ ውስጥ ያሉት እንደነሱው ድሃ የነበሩ፣ ግን በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ የገጠር ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ የሰዎቹን ታሪክ ያዩት የበለጠ ቆጥበዋል፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም የበለጠ አውጥተዋል። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ያዩት አንድ ሰዓት ያህል ፊልም ነው።

ይህን ተምሬ ቤት ስመጣ እናቴን ፋታሊስት ብዬ ፈረጅኳት። «እሱ ያውቃል» የአፏ መክፈቻና መዝጊያ ነዋ! የሚገርመው ግን ተመራማሪዎቹ ለዶባ ሰዎች ፈጣሪያችሁን ተዉ አላሏቸውም። ያሳዩአቸው እንደነሱ ያለ ሰው በያዘው ነገር ምን እንዳደረገ ነው። ፋታሊስት ያልኳት እናቴስ? በየወሩ የዕድር ታዋጣለች። ዕድር ምንድን ነው? ኢንሹራንስ ነው። ነገ ሊመጣ ለሚችል ሞት ዛሬ መክፈል ነው። በየሳምንቱ ዕቁብ ትጥላለች፤ ዕቁብ ደግሞ ቁጠባም ብድርም ነው። ሁሉ ተወስኗል ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ዕድር አይገባም! ታዲያ «እሱ ያውቃል» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ አላወቅኩም ነበር ማለት ነው። ሰፈሩ ሙሉ በሚያወራው ቋንቋ ዲግሪ ያለኝ መሃይም ነበርኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ፈለግኩ። ሲቪ አስገባሁ፣ ፈተና ተፈተንኩ፣ «እንደውልልሻለን» ተባልኩ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። አንድ ማታ አበዳሪው ቤት መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ቡና ጠጣና ወለዱ ስንት እንደደረሰ በቀስታ ነገረን። ሲወጣ እናቴ «እሱ ያውቃል» አለች። እኔ ፈነዳሁ። «ካወቀ ለምን ዝም ይላል?! ያውቃል ያውቃል ትያለሽ፣ አባዬንም ያውቅ ነበር!» ታናሽ ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ምንም አልመለሰችልኝም። ምጣዱን አነሳች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ቀሰቀሰችኝና «ነይ አብረሽኝ ዋይ» አለችኝ። ሄድኩ። ጀሪካኖቿን ደርድራ ስትጨርስ ዞር ብላ እንደ ገዢ አየችኝና «አንቺስ፣ ምን አለሽ?» አለች።

«ዲግሪ» አልኳት፣ በኩርፊያ።

ሳቀች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ቀን ይመስለኛል። «ዲግሪሽን እዚህ ማን ይገዛሻል? ምን ማድረግ ትችያለሽ ነው ያልኩሽ።»

ምን አለኝ? ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አለኝ። ሂሳብ መሥራት እችላለሁ። ከሰዓት በኋላ የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደችኝ፤ የከሰል ምድጃ የሚሠሩ። ስለ ሥራው ጠየቅኳቸው። ላሜራው ስንት ነው? አንዱ በርሜል ስንት ምድጃ ይወጣዋል? ለልጁ በቀን ስንት ይከፍላሉ? ኪራዩስ? ደብተር ላይ ጻፍኩት፣ ደመርኩት። አንዷን ዓይነት ምድጃ በሸጡ ቁጥር እየከሰሩ ነበር። እሳቸው ግን በብዛት የምትሸጥላቸው እሷ ስለሆነች «የምታበላኝ እሷ ናት» ይሏት ነበር። ደብተሩን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ተመስገን» አሉ። ለምን ተመስገን እንዳሉ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የነገርኳቸው ኪሳራ ነው እኮ። 50 ብር ሰጡኝ። በትምህርቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገንዘብ ነው።

በሳምንቱ ሌላ ሰው ጠራኝ። ከዚያ ሌላ። ዛሬ የሚበዛው ገቢዬ ከእንዲህ ያለ ሥራና ከጽሑፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ደብተሬ ይዟቸው የነበሩ ዋጋዎች ሁሉ ውሸት ሆኑ። ብዙ ሰው በድሮው ዋጋ የገዛውን ብረት በድሮው ዋጋ ሸጦ «አተረፍኩ» ይላል፤ በሽያጩ ተመልሶ ያንኑ ብረት ሊገዛ ሲሄድ ግን ብሩ አይበቃውም። የሸጥከው በገዛህበት ዋጋ ሳይሆን ነገ በምትተካበት ዋጋ ነው መታሰብ ያለበት እያልኩ ከአንዱ ሱቅ አንዱ ሱቅ ስሮጥ ነበር። ቀውሱን ማናችንም አላስቀረነውም። ግን ያን ሰሞን ሥራውን ዘግቶ ሊሄድ የነበረ አንድ ሰው ሳይዘጋ ቀርቷል፤ አሁንም አለ።

ዕዳውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከኔ ጉብዝና ጋር የማይገናኘው። 50 ብር 210 ሺህ ብርን አይነካም። እናቴ የምትጥለው ዕቁብ 30 ሰው ያለበት፣ በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት ነበር። አበዳሪው ቤት የመጣ ሰሞን ዕጣው የደረሰው አሮጌ ጎማ ለሚነግድ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ዳኛው ስሙን ሲጠራ «ለእሷ ስጧት፣ እኔ ሌላ ጊዜ እወስዳለሁ» አለ። ሰላሳ ሺህ ብር። ስለ ጉዳዩ ማን እንደነገረው እስካሁን አላወቅንም። በሳምንቱ ደግሞ ዕጣ የደረሳት ሴትዮ እንደዚያው አደረገች። ስጦታ አይደለም፤ እናቴ በየሳምንቱ እየጣለች መልሳዋለች። ግን ወለድ የለውም፣ ዋስ የለውም፣ ፎርም የለውም። በስድሳው ሺህ አበዳሪውን ይዘን ሽማግሌ ልከን ወለዱ እንዲቆም ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ቤት ተቀምጬ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ አራት ላይ የደረስኩት። ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ስለኛ የተጻፈ መሰለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፣ ዕዳ ጥሎባት ሞተ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት መጣ። ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ኤልሳዕ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አላላትም። እንዴት ልርዳሽ ካለ በኋላ ቤትሽ ውስጥ ያለውን ንገሪኝ ነው ያላት። በኛ ሰፈር ቋንቋ ምን አለሽ ማለት ነው። እሷም ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። ከዚያ የሰጣት መመሪያ ለእናቴ ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው፤ ሂጂና ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ባዶ ዕቃ ተዋሺ፣ ጥቂት እንዳይሆን። ተዋሰች፣ በሯን ዘግታ ከልጆቿ ጋር መቅዳት ጀመረች። ዘይቱ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆየና ልጇን ሌላ ዕቃ አምጣ ስትለው አልቋል አላት። ያን ጊዜ ዘይቱ ቆመ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ወንበሩ ላይ ቀና ማለቱ አይቀርም። ተአምሩን የገደበው የዘይቱ ማነስ አይደለም፣ የዕቃው ማለቅ ነው። ዕቃው ደግሞ የእሷ አይደለም፣ የጎረቤት ነው። ጎረቤቶቿ ዘግተውባት ቢሆን ኖሮስ? መጨረሻው ላይም ነቢዩ ዘይቱን ሽጪና ዕዳሽን ክፈይ፣ በቀረው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ ነው ያላት። ዕዳዋን ጸልያ አላስፋቀችውም፤ ገበያ ወጥታ ከፈለችው።

አንዳንዶቻችሁ «አሃ፣ እግዜር ራሱን የሚረዳውን ነው የሚረዳው ልትለን ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ያቺ አባባል ደካማውን ትቶ ለሚሄድ ሰው ትመቻለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መጮኽ ነው፤ ጮኻም ተሰማች። «ምን አለሽ?» የተባለችው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እኛ ግን ወይ ገና እያለቀሰ ያለውን ሰው «ተነስ ሥራ» እንለዋለን፣ ወይ ደግሞ ዕድሜ ልኩን «እሱ ያውቃል» ብለን እናስቀምጠዋለን።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በወሎው ረሃብ ዘመን ግሸን ማርያም ለመሳለም የሄዱ ተራ ምእመን ነበሩ። መንገድ ላይ ያዩትን ሲያዩ እጃቸው ላይ የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነው፤ እሱን አከፋፈሉ። የሞተች እናት አጠገብ ያገኙትን ሕፃን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። አንዱ ልጅ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሃያ አንድ ሆኑ። ትዳራቸውን አሳጣቸው፣ ዘመድ አበደች አላቸው። 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በሳቸው ድርጅት አልፈዋል። ያን ቀን ግሸን መንገድ ላይ ቆመው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ተሳልመው ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ያውቃል እኮ!

ደግሞ ምንም የሌለው ሰው አለ። ይህን አልዘለውም፤ ምክንያቱም አባቴ በመጨረሻው ወር እንዲያ ነበር። መዶሻ ያነሳ የነበረ እጅ ብርጭቆ ማንሳት አልቻለም። ምን አለህ ቢባል የሚያቀርበው አልነበረውም። ሌሊት ሌሊት ግን ሲቃዥ ይሁን ሲጸልይ ባልለየሁት ድምፅ አንድ ቃል ይደጋግም ነበር፤ «አለህ። አለህ።» ያን ጊዜ ከኔ ጋር የሚያወራ መስሎኝ «አቤት አባዬ» እለው ነበር። «አለህ» ለወንድ ነው፤ እኔን አይደለም የሚለው። ኋላ ነው የገባኝ። አልዳነም፣ ብቻውንም አልነበረም። እናቴ «እሱ ያውቃል» ስትል የምትለው ይህን ይመስለኛል፤ ይስተካከላል ማለቷ ሳይሆን፣ አንድ የሚያየኝ አለ ማለቷ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱን ከኛ ሰፈር ሆነን ነው ያየነው። በነጋታው ስልኬን ስከፍት ከቪዲዮው ሥር «የእግዜር ቁጣ ነው»፣ «ለበጎ ነው» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረዋል። ዕቃው አመድ የሆነበት ነጋዴ ያንን ሊያነብ ይችላል ብሎ ያሰበ የለም። እናቴ ስልክ የላትም ማለት ይቻላል፣ መደወያ ብቻ ናት። ያን ጠዋት አንዲት የምታውቃት ሴት ዘንድ ዳቦና ሻይ ይዛ ሄዳ እስከ ማታ አልተመለሰችም። ምን ስትላት ዋለሽ ብላት «ምን እላታለሁ?» አለችኝ።

ጓደኛዬን ያን ቀን ምሳ ጋበዝኩት። ስለ ሥራ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላወራም። ሽሮ በላን፣ ስለ ኳስ አወራን፣ ትንሽ አለቀሰ፣ ሂሳብ እኔ ከፈልኩ። እንዲህ ሦስቴ ተገናኘን። አራተኛው ላይ ራሱ ላፕቶፑን ይዞ መጣና «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። የሎጂስቲክስ ሰው ነው፤ ዕቃ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ መከታተል ይችላል። ምን አለሽ ተራ ደግሞ ስቶኩን በቃሉ የሚይዝ ሰው ሞልቶበታል።

ይህን እየጻፍኩ እናቴ ደወለች። ያ ጎማ ነጋዴ ጎረቤታችን መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጎማ እንዳለው ራሱ አያውቅም አሉ። «ያ ልጅ ነገ ስንት ሰዓት ይመጣል?» አለችኝ። «ሦስት ሰዓት» አልኳት። «ቁርስ ሳይበላ ይምጣ በይው» ብላ ዘጋችው።